ደም ማንበብ

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለ ንባብ ስናወራ መጽሐፍ ብቻ ይታየናል። «ትውልዱ አያነብም» እያልን የምናዝነው ልብ ወለድና ግጥም የሚገዛውን ሰው እያሰብን ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ በኮሌጅ ማስታወቂያ ላይ «ክሊኒካል ላቦራቶሪ» እና «ኮምፒዩተር» የሚሉትን ቃላት ስናይ «ይኼ የእንጀራ ትምህርት ነው» ብለን እናልፋለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለቱም የንባብ ትምህርቶች ናቸው፤ የሚበላሹትም እንደ ንባብ ስለማይሰጡ ነው ባይ ነኝ።

ከላቦራቶሪው ልጀምር። የዲዴሳና የአንገር ሸለቆዎች የወባ አገር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ከሟቾቹ 667ቱ በኦሮሚያ ነበሩ። እንግዲህ በዚህ አገር ላይ ላቦራቶሪ የሚማር ልጅ ምን እንደሚያነብ እንመልከት።

ከታማሚው ጣት የተወሰደው ደም በመስተዋት ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይቀባል፤ አንዱ ወፈር፣ ሌላው ሳሳ ተደርጎ። ወፍራሙ ጥገኛው መኖር አለመኖሩን ያሳያል፤ ስሱ ዓይነቱን ይለያል። ጊምሳ በሚባለው ቀለም ተነክሮ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ 1,000 ጊዜ በሚያጐላ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። ባለሙያው «ወባ የለም» ብሎ ከመጻፉ በፊት በወፍራሙ ቅብ ላይ ቢያንስ 100 የእይታ ክበቦችን መፈተሽ ይገባዋል። ይህ ገጽ እያገላበጡ ከማንበብ በምን ይለያል? ፋልሲፓረም የተባለው ጥገኛ በአንድ የዕድሜው ደረጃ ማጭድ የመሰለ ቅርጽ ይይዛል። ቫይቫክስ ደግሞ ያደረበትን ቀይ የደም ሕዋስ ያሳብጠዋል። በደንብ ያልታጠበ ቀለም የሚተወው ዝቃጭ ለጀማሪ ዓይን ጥገኛ መስሎ ይታያል። ሆሄ መለየት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

የተሳሳተ ንባብ ዋጋ አለው። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ስለሚደበቅ ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት ለቀናት መወሰድ አለበት፤ ዓይነቱ ካልተለየ ገበሬው ተሻለኝ ብሎ ወደ እርሻው ይመለስና ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ፋልሲፓረም የታለፈበት ሕፃን ግን ሳምንታትን ላይጠብቅ ይችላል።

«ፈጣን መመርመሪያው ኪት እያለ ማይክሮስኮፕ ለምን?» የሚሉ አሉ። ፋልሲፓረምን ለመለየት በብዛት የሚሠራበት ኪት የሚፈልገው ጥገኛው የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጠፋባቸው ጥገኛዎች ደግሞ በአገራችን ተገኝተዋል። በእነዚህ ፊት ኪቱ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም «ነጻ ነህ» ብሎ የሚተረጉም ሞልቷል።

ታዲያ ይህን ንባብ ከሃንድአውት ማን ይማረዋል? በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚባዛው፣ የሥዕሉ ጥላ ከጥቁር ነጥብ የማይለየው ወረቀት ለፈተና ይበቃ ይሆናል። ማይክሮስኮፑ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ በሆነበት ክፍል ግን አንዱ ያያል፣ ሌላው ያየው ሰው የነገረውን ይጽፋል። በሚሲዮን ሆስፒታሎች ከሥራ ላይ ሥራ እየለመዱ ያደጉት የጥንት ድሬሰሮች ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ በየቀኑ ሕመምተኛ ግን ያዩ ነበር። እነሱ ይመለሱ ማለቴ አይደለም። ወረቀቱ ሲመጣ ዓይኑ ለምን እንደሄደ ነው የምጠይቀው።

የሽምደዳው ሥር ቋንቋ ይመስለኛል። የወለጋ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምሮ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይገጥመዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ስለ ደም፣ ስለ ሽንትና ስለ ሰገራ፣ ማለትም ከልጅነቱ በሚያውቃቸው ነገሮች ላይ፣ በማያውቃቸው ቃላት ይፈተናል። ያልገባውን ቃል በቃሉ ከመያዝ ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ይህ ደግሞ የሆነው በነቀምቴ መሆኑ ይገርመኛል። አባ ገመቺስ የተባሉት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ሁለቱም ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል በኦሮምኛ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ አሳትመዋል። ከዚያ በፊት ግን በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ አውጥተው ነበር፤ አስቴር ከአፍ የሰበሰቧቸው ተረቶችና ዘፈኖች የገቡበት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ አንባቢው በሚያውቀው ነገር ማንበብን ይለማመዳል፤ ከባዱ መጽሐፍ ይከተላል። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብተው ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1931 እስኪያርፉም ድረስ በዚያው ሠሩ። ትንቢተ ኢሳይያስን በኦሮምኛ ማንበብ ከተቻለ የደም ሕዋስን ጠባይ በኦሮምኛ ማስረዳት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። እንግሊዝኛው ይቅር አላልኩም። ይከተል ነው ያልኩት።

ኮምፒዩተሩም ዘንድ ያው ነው። «ፋይል» ከላይ በግራ፣ «ፎርማት» መሐል ላይ እያለ የማዘዣዎቹን ቦታ የሸመደደ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የማይክሮሶፍት ወርድ ገጽታ ሲለወጥ እንደ አዲስ ገቢ ሆኖ ቀረ። ማሽኑ ስሕተት ሲያገኝ የሚያወጣውን መልእክት ሳያነብ «እሺ» የሚለውን የሚጫን ተመራቂ ስንት ነው! የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊትና ከገባም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በአንዱ ማሽን የጻፍነው በሌላው ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሲጠብቀን ያቃጠለን ጸሐፊዎች፣ ምክንያቱን የሚያስረዳን ባለሙያ ምን ያህል ብርቅ እንደነበረ እናስታውሳለን።

በርግጥ ሁሉም ጥፋት የኮሌጆቹ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እስከ መጋቢት 22 ቀን ቆየ። በዚያ ወቅት ስለ ኔትወርክ የሚማር ተማሪ በነቀምቴ ምን ሊሞክር ይችል ነበር? ከዚያም ወዲህ ግጭቱ መንገዱን ሲዘጋ፣ የላቦራቶሪ ኬሚካል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት።

የሆነ ሆኖ ፈተናው አልቀረም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያው ሰፊ የዲግሪ መውጫ ፈተና ሲሰጥ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አልሞሉም። ላም ሸጠው፣ ቡና ለቅመው የከፈሉ ወላጆች ውጤቱን የሰሙት ከከፈሉ በኋላ ነው። ሲያስመዘግቡ ስለ ክፍያውና ስለ ዲፕሎማው ዕውቅና ይጠይቃሉ፤ ልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ስላይድ ብቻዋን ታነባለች ብሎ የሚጠይቅ ግን አልሰማሁም። ጥያቄው ይቅረብ።

ኮሌጆቹም መልሱን ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቃቸውም። ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ጋር ተስማምተው፣ ስም የሌላቸውን፣ በሁለት የበቁ ባለሙያዎች የተነበቡ ስላይዶች በሣጥን ያከማቹ፤ ተማሪው መልሱን ሳያውቅ ያንብብ፤ ንባቡም ከእነሱ ንባብ ጋር ይመሳከር። ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሚበረታ ሣጥኑን ለመሙላት አንድ ወቅት ይበቃል።