የፎቶግራፍ ከርካሚ ኃላፊነት

አንድ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ በሁለት መንገድ ሊስተካከል ይችላል። አንደኛው መጠኑን ማሳነስ ወይም ማሳደግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጠርዙን ቆርጦ ማስወገድ፣ ማለትም መከርከም ነው። ቀድሞ ይህ ሥራ በጨለማ ክፍልና በመቀስ የሚከናወን የባለሙያ ድርሻ ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ወይም የእጅ ስልክ ያለው ሁሉ በጥቂት ቅጽበት ይፈጽመዋል። ሥራው ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ብዙዎች ኃላፊነት የሌለበት ይመስላቸዋል። እንደ እኔ አስተያየት ግን መጠን መለወጥ ዕውቀትን፣ መከርከም ደግሞ ኅሊናን የሚጠይቅ ተግባር ነው።

በቅድሚያ ስለ መጠን እንመልከት። ጥልፍ ከብዙ የክር ስፌት እንደሚሠራ ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ፎቶግራፍም ፒክሰል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ነጥብ የሆነ ፎቶግራፍ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ቢቀነስ የሚቀረው 3 ሚሊዮን፣ ማለትም ሩቡ ነው። ወደ 800 በ600 ቢወርድ ደግሞ 480 ሺህ ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከሃያ አምስት እጅ አንዱ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ደካማ ወይም ውድ በሆነበት አገር የሚኖር ሰው ፎቶግራፉን አሳንሶ ቢልክ ጊዜውንም ገንዘቡንም ያተርፋል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የተጣለ ነጥብ ተመልሶ አይገኝም። ያነሰውን ፎቶግራፍ መልሶ ማሳደግ በወጥ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው፤ ብዛቱ ይጨምራል እንጂ ጣዕሙ አይጨምርም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው የወርድና የቁመት ምጣኔ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ፎቶግራፍ ምጣኔው 4 ለ3 ነው። ይህን በግድ 800 በ800 ብናደርገው የሰው ፊት ይቀጥናል፤ አንገትም ያለ ልኩ ይረዝማል። ይህ እንዳይሆን፣ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ፔይንት በተባለው ቀላል ፕሮግራም ውስጥ እንኳ ምጣኔን የሚጠብቅ ምርጫ ይገኛል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲሞሉት በኖሩት የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ ማመልከቻ ይጠየቅ እንደ ነበረው፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል 600 በ600 ነጥብ የሆነ ፎቶግራፍ ቢያስፈልግ፣ ትክክለኛው መንገድ በመጀመሪያ ጎንና ጎኑን ከርክሞ እኩል ማድረግ፣ ከዚያም ማሳነስ ነው።

መከርከም ግን ከዚህ የከበደ ጉዳይ አለበት፤ የሚቆረጠው ሰውና ታሪክም ሊሆን ይችላልና። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ባወጀችው በደቡብ ሱዳን፣ በዋና ከተማዋ በጁባ፣ በንግድና በሆቴል ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ አማራት በሚባለው ሰፈር፣ በሱቁ ደጃፍ ላይ ፎቶግራፍ ተነሣ እንበል። ከመካከል እርሱና የአገሩ ልጆች፣ በቀኙ ጠርዝ ደግሞ ሱቁን ያከራየው የጁባ ሰውና አብራው የምትሠራው ዑጋንዳዊት ቆመዋል። ነጋዴው ፎቶግራፉን ወደ አገር ቤት ሲልክ፣ «እነዚህን ዘመዶቼ አያውቋቸውም» ብሎ ጠርዙን ቢቆርጥ፣ በቀረው ምስል ላይ አንድም የሐሰት ነጥብ አይኖርም። ሆኖም ፎቶግራፉ ይዋሻል። ሰውዬው በሰው አገር ከአገሩ ልጆች ጋር ብቻ የኖረ ያስመስላል፤ ያስጠጋውን ሰውና አብራው የደከመችውን ሴት ያስረሳል። ከሃያ ዓመት በኋላ ፎቶግራፉን የሚያዩ ልጆቹም አባታቸው በእነማን ድጋፍ ለኑሮ እንደ በቃ ሊረዱ አይችሉም።

ይህ በምሳሌ ብቻ የሚነገር ሥጋት አይደለም። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ፣ በዳቮስ ከተማ፣ የዓለም የኤኮኖሚ ጉባኤ በተካሄደ ጊዜ ስለ አየር ንብረት የሚሟገቱ አምስት ወጣት ሴቶች አብረው ፎቶግራፍ ተነሥተው ነበር። ከእነርሱ አንዷ ስዊድናዊቷ ግሬታ ተንበርግ ስትሆን፣ በአንደኛው ጠርዝ የቆመችው ቫኔሳ ናካቴ ከዑጋንዳ የመጣች ብቸኛዋ አፍሪካዊት ነበረች። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ፎቶግራፉን ከርክሞ ሲያወጣ ግን አራቱ ብቻ ታዩ። የተሰጠው ምክንያት ከጀርባዋ ያለው ሕንፃ የምስሉን ውበት ይቀንሳል የሚል ነበር። ናካቴ በበኩሏ የተቆረጠው የአንዲት ሴት ምስል ብቻ ሳይሆን አንድ አህጉር መሆኑን በምሬት ተናገረች። ድርጅቱም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚህ የምንረዳው፣ ከርካሚው ክፋት ባያስብም እንኳ በመቀሱ በደል ሊፈጸም እንደሚችል ነው።

አንዳንዶች፣ «ፎቶግራፍ አንሺው ራሱ ካሜራውን ሲያነጣጥር ብዙውን ነገር ውጭ ያስቀር የለምን? ታዲያ መከርከም ከዚህ በምን ይለያል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባዶ ግድግዳን፣ የተንጠለጠለ ሽቦን ወይም በአጋጣሚ የገባ መንገደኛን መቁረጥ ምስሉን ያጠራዋል እንጂ አይጎዳውም። ስለዚህ መከርከም ክልክል ይሁን የሚል ሰው ቢኖር አልደግፈውም። ሆኖም መለኪያ ያስፈልጋል። የተቆረጠው ክፍል ቢመለስ ፎቶግራፉ የሚናገረው ነገር ይለወጣልን? የሚለወጥ ከሆነ መቁረጡ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ፎቶግራፍ የሚያስተካክል ሰው ሁሉ ሦስት ልማዶች ቢኖሩት መልካም ነው። በመጀመሪያ ዋናውን ሳይነካ አስቀምጦ በቅጂው ላይ ብቻ ይሥራ። ቀጥሎም መጠኑን ሲለውጥ የወርድና የቁመቱን ምጣኔ ይጠብቅ። በመጨረሻም ከመቁረጡ በፊት አራቱንም ጠርዞች ተመልክቶ በዚያ ማን እንደ ቆመ ይወቅ። ጠርዝ ላይ የቆመን ሰው ማስቀረት የሚያስወጣው ጥቂት የምስል ቦታ ብቻ ነው፤ ዋናው ቅጂ ከጠፋ በኋላ ግን የተቆረጠውን ሰው ወደ ቦታው የሚመልስ ፕሮግራም የለም።