የ162 ጨዋታ ልፋትና የአምስት ጨዋታ ፍርድ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ አንድ አብሮ አደግ አለኝ። ቤዝቦል አይወድም። የከተማውን ቡድን፣ የናሽናልስን ሜዳ፣ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይቶት አያውቅም። ሆኖም ስለ ጨዋታው ሕግ መለወጥ ከእሱ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። «ድሮ በሩ ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረኝ አልነበረም። አሁን አንድ ሰዓት ላይ ከጀመሩ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሲል መንገደኛዬን ጭኜ ሄጃለሁ» ይለኛል፤ በእኛው የሰዓት አቆጣጠር መሆኑ ነው። ከዚያም «ምን አድርገዋቸው ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ያደረጓቸውማ ሰዓት ሰቀሉባቸው። የዛሬው ጽሑፌ መነሻም ይኸው ነው። የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ለውጦች አድርጓል። አንደኛው ጨዋታውን አፍጥኖታል፤ ሁለተኛው ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡትን ቡድኖች አብዝቷል። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ወይ ይደግፋል ወይ ይረግማል። በእኔ እምነት ግን ሁለቱ ለውጦች የሚሄዱት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዓቱ ምን ለወጠ?

የአዲስ አበባ አንባቢ ቅዳሜና እሑድ የሚከታተለው እግር ኳስ ነውና ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እግር ኳስ 90 ደቂቃ ሲሞላ ያልቃል። ቤዝቦል ግን የሚያልቀው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን በዘጠኝ ዙር፣ ማለትም በዘጠኝ ኢኒንግ፣ 27 ተጫዋቾቹ እስኪወጡበት ድረስ ይጫወታል። ሰዓት የሌለው ጨዋታ መሆኑ የደጋፊዎቹ ኩራት ነበር። ችግሩ ተጫዋቾቹ ይህን ነጻነት ለሥራ ፈትነት ማዋላቸው ነው። ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ያስባል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ እንደገና ያስባል። መቺው በበኩሉ ከቦታው ወጥቶ ጓንቱን ይፈታል፣ ያስራል። በ1970ዎቹ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው የዘጠኝ ኢኒንግ ጨዋታ በ2021 በአማካይ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ደረሰ። የተጨመረው ጊዜ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠላ ነበር? የተጨመረው ግን መጠበቅ ነበር።

በ2023 የመጣው ሕግ ቀላል ነው። ሜዳው ላይ የተጋጣሚ ሯጭ ከሌለ ወርዋሪው በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ ሯጭ ካለ 20 ሰከንድ ይሰጠው ነበር፤ ይህ በ2024 ወደ 18 ወርዷል። መቺውም 8 ሰከንድ ሲቀር ተዘጋጅቶ መቆም አለበት። ወርዋሪው ከዘገየ አንድ «ቦል»፣ መቺው ከዘገየ አንድ «ስትራይክ» ይቆጠርበታል። አብረውም ቤዞቹ ከ15 ኢንች ወደ 18 ኢንች ሰፉ፤ ወርዋሪው ሯጩን ለማስፈራራት ከቦታው የሚወጣበት ጊዜም ለአንድ መቺ በሁለት ተገደበ።

ሕጉን ያወጣው ኮሚቴ ስድስት የባለቤቶች ተወካዮች፣ አራት ተጫዋቾችና አንድ ዳኛ ያሉበት ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ድምፅ ሲሰጥ አራቱም ተጫዋቾች ሰዓቱን ተቃወሙ። ተሸነፉ። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ የፈሩት የደረሰ መሰለ። በአትላንታና በቦስተን የዝግጅት ጨዋታ፣ ውጤቱ እኩል ሆኖ፣ ቤዞቹ ሁሉ ተይዘው፣ የመጨረሻው ውርወራ ሲጠበቅ፣ መቺው በሰዓቱ አልተዘጋጀህም ተብሎ ስትራይክ ተቆጠረበትና ጨዋታው በዚያው አለቀ። ተመልካቹ ጮኸ። እኔም በዚያ ቀን «ይኸው፣ አበላሹት» ካሉት አንዱ ነበርኩ።

ተሳስቼ ነበር። የ2023 አማካይ የጨዋታ ርዝመት ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። በ2022 በጠቅላላው 2,486 የነበረው ቤዝ የመስረቅ ቁጥር በአንድ ዓመት 3,503 ደረሰ። ከ64 ሚሊዮን ተኩል ገደማ የነበረው የሜዳ ተመልካች ከ2017 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ 70 ሚሊዮንን ተሻገረ። አንዳንድ ክለቦችማ ጨዋታው በማጠሩ የቢራ ገበያቸው እንዳይቀንስ ከሰባተኛው ኢኒንግ በኋላ ይዘጋ የነበረውን ሽያጭ እስከ ስምንተኛው አራዘሙት። የጨዋታው ማጠር ኪሳቸውን እንደነካው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

አንድ ያልተዘጋ ክርክር አለ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ታዋቂ ወርዋሪዎች አንድ በአንድ በክርን ጉዳት ሲወድቁ የተጫዋቾች ማኅበር ጣቱን ወደ ሰዓቱ ቀሰረ፤ እረፍት አጠራችሁባቸው ሲል። ሊጉ በበኩሉ ምክንያቱ ሰዓቱ ሳይሆን ወርዋሪዎች ሁሉንም ኳስ ባላቸው ኃይል ሁሉ የመወርወር ልማዳቸው ነው አለ። የክርን ጉዳቱ ሰዓቱ ከመምጣቱ ብዙ ዓመታት በፊት እየጨመረ እንደነበር ግልጽ ነው። ነገር ግን የሚጎዳው ክንድ የባለቤቶቹ አይደለምና የማኅበሩን ሥጋት በንቀት ማለፍ አይገባም።

ከሁለት ወደ አሥራ ሁለት

አሁን ወደ ሁለተኛው ለውጥ ልሻገር። ወርልድ ሲሪስ በ1903 ሲጀመር የሁለቱ ሊጎች አንደኞች ብቻ ይገናኙ ነበር። እስከ 1968 ድረስ ይኸው ነበር። በ1969 አራት ቡድኖች ሆኑ፤ በ1995 «ዋይልድ ካርድ» የተባለው የተጨማሪ ዕድል ትኬት ሥራ ላይ ሲውል ስምንት፣ በ2012 አሥር፣ በ2022 ደግሞ አሥራ ሁለት። ባለቤቶቹ 14 ፈልገው ነበር፤ ከ2021 ማብቂያ ጀምሮ ለ99 ቀናት ተጫዋቾቹን ዘግተው ከተደራደሩ በኋላ 12 ላይ ተስማሙ።

ተጫዋቾቹ የተከራከሩት ለባህል ብለው ብቻ አልነበረም። ደመወዝ የሚከፈላቸው ለመደበኛው ወቅት ነው፤ በጥሎ ማለፉ የሚካፈሉት ከመግቢያ ትኬት ገቢ የተመደበውን ነው። ከዚህም በላይ፣ 84 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ለዋንጫ መጫወት ከቻለ፣ አንድ ባለቤት 100 ለማሸነፍ ስለምን ውድ ተጫዋች ይገዛል? በሩ በሰፋ ቁጥር የጥሩ ቡድን ዋጋ ይረክሳል።

84 ያልኩት ለምሳሌ የፈጠርኩት ቁጥር አይደለም። በ2023 አሪዞና ያሸነፈው 84 ጨዋታ ነበር፤ ወርልድ ሲሪስ ድረስ ሄደ። የገጠመውና ዋንጫውን የወሰደው ቴክሳስ 90 ነበረው። በዚያው ዓመት 104 ያሸነፈው አትላንታ፣ 101 ያሸነፈው ባልቲሞርና 100 ያሸነፈው የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ሦስቱም በመጀመሪያው ግጥሚያቸው ተሰናበቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 111 ያሸነፈውን ዶጀርስ፣ 22 ጨዋታ ያነሰው ሳንዲያጎ አሰናብቶታል።

የእኛ አገር ሰው ይህን በሩጫ ቋንቋ ይረዳዋል። የ10 ሺህ ሜትር ውድድር 25 ዙር ነው። 24ኛው ዙር ላይ ሁሉንም አስቁመው፣ መቶ ሜትር ወደ ኋላ የቀረውን ስድስተኛ ከመሪው ጎን አሰልፈው፣ «በሉ አሁን የመጨረሻዋን ዙር ሩጡ» ቢሉ ምን እንላለን? በሲድኒ 2000 ኃይሌ ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም ያቺ የመጨረሻ መቶ ሜትር ያንን ያህል የጣፈጠችው ሁለቱም 24ቱን ዙር አብረው ስለከፈሉባት ነው።

እረፍት ነው ወይስ ዕጣ?

አሸናፊዎቹ ሲወድቁ አንድ ሰበብ ይደመጣል። በ2022ቱ ሥርዓት ከየሊጉ ሁለት ምርጥ ቡድኖች የመጀመሪያውን ዙር ዘልለው ያርፋሉ። እረፍቱ ነው ያዛጋቸው፣ በየቀኑ መጫወት የለመደ ሰው አምስት ቀን ሲቀመጥ ይዝጋል ይባላል። እስኪ እንቁጠረው። በ2022 ካረፉት አራት ቡድኖች ሁለቱ ቀጣዩን ዙር አለፉ። በ2023 አንዱ ብቻ። በ2024 ሦስቱ፣ በ2025ም ሦስቱ። ድምሩ ከ16 ዘጠኝ ነው። ይህ የእረፍት እርግማን ሳይሆን ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር ከማለት ብዙም የማይርቅ ነገር ነው። ከአምስት ሦስት ባሸነፈ በሚወሰን ግጥሚያ፣ ምርጡ ቡድን ራሱ በዓመቱ ከአሥር ጨዋታ አራት ያህሉን በሚሸነፍበት ስፖርት፣ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቃል?

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። በ2019 ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ፣ ኋላ አገግሞ በ93 ድል በዋይልድ ካርድ ገባ። 106 ያሸነፈውን ዶጀርስ በአምስተኛው ጨዋታ በተጨማሪ ኢኒንግ ጣለ፤ 107 ያሸነፈውን ሂውስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ አነሣ። በዚያ ምሽት ከጎረቤቶቼ ጋር መንገድ ወጥቼ ጨፍሬአለሁ። አሁን የምተቸው በር ባይከፈት ኖሮ ያ ምሽት አይኖርም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በ1993 ሳንፍራንሲስኮ 103 ጨዋታ አሸንፎ፣ አትላንታ 104 ስላሸነፈ ብቻ ጥሎ ማለፉን በቴሌቪዥን ተመልክቷል። ያም ፍትሕ አልነበረም። ስለዚህ ክርክሬ በሩ ይዘጋ የሚል አይደለም። በሩ የት ላይ ይቁም፣ የገባውስ ስንት ይክፈል ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

የእኔ ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ ከ12 እንዳያልፍ። ሁለተኛ፣ የአምስቱ ጨዋታ ግጥሚያ ወደ ሰባት ይደግ። የቀን መቁጠሪያው አይበቃም ለሚሉ መልስ አለኝ፤ የ2025ቱ ሰባተኛ ጨዋታ ኖቬምበር 1 ላይ መዋሉን አውቃለሁ። መደበኛው ወቅት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት ወደነበረበት ወደ 154 ጨዋታ ይመለስ።

ይህ ለምን እንደማይሆን ግን ሒሳቡ ይናገራል። በ30 ቡድኖች 162 ጨዋታ ማለት 2,430 ግጥሚያ ነው፤ 154 ሲሆን 2,310 ይሆናል። 120 የትኬት፣ የመኪና ማቆሚያና የቢራ ምሽት ይቀራል። በምትኩ አራቱን ግጥሚያዎች ወደ ሰባት ማሳደግ ቢበዛ ስምንት ጨዋታ ይጨምራል። እያንዳንዱ ባለቤት አራት የሜዳው ምሽቶችን ያጣል፤ ስምንቱን የሚያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ለዚህም ነው ከባለቤቶች በኩል «ወቅቱን እናሳጥር» ከማለት ይልቅ «ቡድን እንጨምር» ማለት የሚቀለው።

የሥራ ውሉ የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 እንዲሆን የተፈረመ በመሆኑ ጥያቄው ተመልሶ ወደ ጠረጴዛው የሚመጣ ነው። ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ ሊጉን ወደ 32 ቡድን የማስፋት ፍላጎታቸውን አልደበቁም፤ ቡድን ሲጨመር ደግሞ የጥሎ ማለፉ በር አብሮ ይነካል። ሊጉ ሕግ ማሻሻል ሲፈልግ እንደሚችል አሳይቷል። ለ2026 ወቅት ያጸደቀው ተጫዋቾች የዳኛን ፍርድ በካሜራ የሚሞግቱበት ሥርዓትም ለአንዲት ኳስ ፍትሕ ይጨነቃል። ለአንድ ኳስ የተጨነቀ ለ162 ጨዋታ እንዴት አይጨነቅም?

ሰዓቱ ድራማውን አልገደለም። በ2025 ወርልድ ሲሪስ ዶጀርስና ቶሮንቶ ሦስተኛውን ጨዋታ ለ18 ኢኒንግ፣ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ተጫውተዋል፤ ተመልካቹም እስከ ሌሊት አልተነሣም። ሰው ረጅም ጨዋታ አይጠላም፤ የሚጠላው ባዶ ጨዋታ ነው። ሰዓቱ «ጊዜህን አናባክንም» ብሎናል። የጥሎ ማለፉ በር ሲሰፋ ግን ከማርች እስከ ሴፕቴምበር የሰጠነውን ስድስት ወር መልሶ ባዶ ያደርገዋል።

ያ ታክሲ ነጂ ወዳጄ በ2023 መጨረሻ ላይ ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «84 ያሸነፈውና 104 ያሸነፈው መጨረሻ ላይ እኩል ከሆኑ፣ ስድስት ወር ሙሉ ምን ያደክማቸዋል?»

መልስ አልሰጠሁትም። መልሱን መስጠት ያለባቸው እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ናቸው።