ወተት ያልተስማማው ሕፃን ምን ይብላ?

ሕፃን ልጅ የበላው ነገር ሳይስማማው ሲቀር እናት በቅድሚያ የምትወስደው ርምጃ ያንን ምግብ መከልከል ነው። ይህ ተገቢ ነው። ችግር የሚመጣው ክልከላው ማቆሚያ ሲያጣ ነው። የምናውቃት አንዲት ሠራተኛ እናት የ14 ወር ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ልጅቱ የላም ወተት በጠጣች ቁጥር ሳማ እንደ ነካት ፊቷ ላይ ሽፍታ ይወጣባትና ያስመልሳት ነበር። እናትየዋ ወተቱን አቆመች፤ ደግ አደረገች። ቀጥሎ ተቅማጥ ሲይዛት እንቁላሉን፣ የቆዳዋ ችፌ አልጠፋ ሲል ስንዴውን፣ ጎረቤት «ሽሮም ይከብዳታል» ስትል ሽሮውን አስቀረች። ሦስት ወር ሳይሞላ የልጅቱ ምግብ ድንችና ሩዝ ብቻ ሆነ። ጉንፋን ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ በተወሰደች ጊዜ የክንዷ ዙሪያ ሲለካ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ሕፃን ላይ ይህ ልክ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። ወተቱ ከቀረ ወራት አልፈው ነበር፤ ልጅቱን የጎዳት በምትኩ የገባ ነገር አለመኖሩ ነው።

«አልተስማማውም» የምንለው ነገር ሁለት ዓይነት መሆኑን እናቶች ማወቅ ይኖርባቸዋል። አንደኛው የሰውነት መከላከያ ኃይል የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት የሚደርሰው አለርጂ ነው። ሁለተኛው አንጀት የወተቱን ስኳር መፍጨት ሲያቅተው የሚመጣ የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ነው፤ ይህኛው በሕፃናት ላይ ብዙውን ጊዜ ከከባድ ተቅማጥ በኋላ ይታይና አንጀት ሲያገግም ያልፋል። ለሁለተኛው እርጎ ሊስማማ ይችላል፤ ለአለርጂው ግን እርጎውም አይቡም ያው ወተት ናቸው። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ አለርጂውን አያስቀርም፤ በውኃ ማቅጠንም እንደዚሁ። ብዙዎች የሚመክሩት የፍየል ወተትም መፍትሔ አይሆንም። ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፣ የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው አብዛኞቹ ሕፃናት የፍየሉንም አይችሉትም።

ስለዚህ ምግብ ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ደብተር ያዙ። ልጁ ምን በላ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ታየበት፣ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ? ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም ትውከት በደቂቃዎች ውስጥ ወይም እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ከታየ ነገሩ በአብዛኛው ግልጽ ነው። የችፌ መባባስና ደም የቀላቀለ ሰገራ ግን ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ስለሚመጡ ያለ ማስታወሻ አይያዙም። እናንተ ሥራ ስትውሉ ልጁን የምትይዘው ሞግዚት ማንበብ ካልቻለች ማታ ጠይቃችሁ ጻፉላት። ይህ ደብተር ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። ነገር ግን የልጁ ምላስ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ ወይም ሰውነቱ ዝሎ ከገረጣ ደብተርም ወረፋም አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። በዚህ ረገድ የእኛ አገር እናት ዕድለኛ ናት። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ሙሉ የምግብ አሠራር በጾም ምግባችን ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። በብዙ ቤት የጾሙ ድስት ከፍስኩ ድስት ተለይቶ ይቀመጣል፤ ቅቤ የነካው ማንኪያ ወደ ጾሙ ወጥ አይገባም። ያንኑ ጥንቃቄ ለሕፃኑ ማድረግ ነው፤ አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ለእርሱ ብቻ ለዩለት። ሆኖም የጾም ምግብ ለአዋቂ እንጂ እንዳለ ለሕፃን አይበቃም። ሕፃን ልጅ ጾም የለበትም፤ የተከለከለው ወተት ከሆነ ሥጋውና እንቁላሉ ሊቀሩበት አይገባም።

ካልሲየሙን ከየት ያገኛል? ጤፍ በካልሲየም ከስንዴም ከገብስም ይበልጣል፤ ዳጉሳ ደግሞ ከጤፍም ይልቃል። የጤፍና የዳጉሳ ዱቄት ተቀላቅሎ የሚሠራ ገንፎ፣ በላዩ አንድ ማንኪያ ዘይት ቢጨመርበት፣ ጥሩ ቁርስ ነው። የሐበሻ ጎመን በደንብ በስሎና ደቆ በምሳው ይግባ። ቆስጣ ቢመሳሰለውም ካልሲየሙ ታስሮ ስለሚያልፍ በእርሱ አትተማመኑ። በርበሬ የሌለበት የምጥን ሽሮ ወይም የምስር ፍትፍት፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ዱባና ካሮት በየተራ ይቅረቡለት። ዓመት የሞላው ሕፃን በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ መመገብ፣ በመካከሉም አንድ ሁለት ጊዜ መቅመስ ይኖርበታል። ልጁ ዓመት ካልሞላውና ጡት የማያገኝ ከሆነ ግን ገንፎ ወተትን አይተካም፤ ለአለርጂ ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት በሐኪም ትእዛዝ ይፈለግ። ዋጋው ከባድ መሆኑን አንሸሽግም።

ብዙ ጊዜ ጥረቱን የሚያበላሸው አንድ ጠብታ ነው። አያት ሳታይ የማታደርገው የለም፤ «እስቲ ይህች ንጥር ቅቤ ምን ትለዋለች?» ብላ ትጨምራለች። በፍቅር የተደረገ ስለሆነ መቆጣት አያዋጣም። ቅቤው ቢነጠርም ጥቂት የወተት ፕሮቲን እንደሚቀርበት አስረዷት፤ ሽፍታው የወጣ ዕለትም ጠርታችሁ አሳዩአት። ብስኩት፣ ጣፋጭ ዳቦና የተዘጋጁ የሕፃናት ዱቄቶች ላይም የዱቄት ወተት ሊኖር ስለሚችል የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ። መዋያ የሚሄዱ ልጆች ምግብ ይካፈላሉና ለተንከባካቢዋ በቃል ብቻ አትንገሯት፤ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት።

ጡት የምታጠቡ እናቶች በዚህ ምክንያት ጡት አታቋርጡ። አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ እናትየዋ ራሷ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተት እንድትተው ሊያዝዛት ይችላል። ለውጥ ካልታየ ግን ወደ ምግቧ መመለስ አለባት፤ የእርሷም አጥንት አጥንት ነውና።

የተከለከለ ምግብ ለዘለዓለም አይከለከልም። የወተት አለርጂ ያለባቸው አብዛኞቹ ሕፃናት ትምህርት ቤት እስኪገቡ ባለው ጊዜ ይለቃቸዋል፤ ስለዚህ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ከባድ ምልክት ታይቶበት የነበረ ልጅ ሙከራው በጤና ተቋም ውስጥ እንጂ በቤት አይደረግለትም። በግምት ብቻ የቀሩትን ምግቦች ግን ከሐኪሙ ጋር ተመካክራችሁ አንድ በአንድ መልሱ፤ ሁለት አዲስ ምግብ በአንድ ሳምንት አትጀምሩ።

ከላይ ያነሣናት ልጅ መጀመሪያ ሽሮው፣ ቀጥሎ ስንዴው፣ በመጨረሻም እንቁላሉ ተመለሰላት፤ ሦስቱም ምንም አላደረጓትም። ዛሬ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ክንዷም ሞልቷል። ወተቱ ገና ነው። እናትየዋ አሁንም ደብተሩን ከማጀቱ በር ኋላ በክር አንጠልጥላዋለች።