«አክሴፕት» ስንል ምን ተቀበልን?



በስልካችን አንድ ድረ ገጽ ስንከፍት፣ ገና ጽሑፉን ሳናነብ ከግርጌው አንዲት ሣጥን ብቅ ትላለች። ኩኪ እንደሚጠቀሙ ትነግረንና ፈቃዳችንን ትጠይቃለች፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ። እኛም ከፊታችን ዞር እንድትልልን ብቻ «አክሴፕት» የሚለውን ተጭነን እናልፋለን። ለመሆኑ ምን ፈቀድን?

ኩኪ አንዳንዶች እንደሚፈሩት ቫይረስ አይደለችም። ድረ ገጹ በስልካችን ወይም በኮምፒዩተራችን ላይ የሚያስቀምጣት አጭር ጽሑፍ ናት። ፎቶአችንን ማየትም ሆነ የስልክ ማውጫችንን ማገላበጥ አትችልም። ያመጣት እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የተባለ ባለሙያ ነው። በዚያን ጊዜ ድረ ገጽ ምንም ትዝታ አልነበረውም፤ ገጽ በቀየርን ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለን ነበር። ነገሩ ዕቃ በአደራ ስናስቀምጥ እንደምንቀበላት ባለ ቁጥር ወረቀት ነው። ዕቃ ጠባቂው ስማችንን ባያውቅም፣ ወረቀቷን ስናሳየው የትኛው ዕቃ የእኛ እንደሆነ ያውቃል። ኢሜይላችንን አንድ ጊዜ በይለፍ ቃል ከፍተን በማግስቱ ሳንጠየቅ የምንገባው በዚህች ወረቀት ምክንያት ነው። እስከዚህ ድረስ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ጣጣው የሚመጣው ወረቀቷን የሚሰጠን የገጹ ባለቤት ሳይሆን ሌላ ሰው ሲሆን ነው። መካነ ብርሃን ላይ ያለ አንድ ወጣት ዜና ያነባል እንበል። በዜናው ጎን ማስታወቂያ አለ፤ ማስታወቂያውን የሚልከው የዜናው ባለቤት ሳይሆን ሌላ ኩባንያ ነው፤ ኩባንያውም የራሱን ኩኪ በልጁ ስልክ ላይ ያኖራል። ማታ ልጁ ስለ ኳስ ሲያነብ፣ በሳምንቱ ስለ ሕመም መድኃኒት ሲፈልግ፣ በእነዚያም ገጾች ላይ ያው ኩባንያ ካለ ቁጥሩን አይቶ «ያ ልጅ መጣ» ይላል። ስሙን ባያውቅ እንኳ የሚወደውንና የሚያስጨንቀውን ያውቃል።

«እኛን ማን ብሎ ይከታተለናል?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ወሬ ያስታውሷል። ሙስሊም ፕሮ የተባለው፣ የሶላት ወቅትና ቂብላ የሚያሳየው ፕሮግራም የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስሞድ ለተባለ መረጃ ነጋዴ ሲያስተላልፍ ተገኘ፤ ነጋዴው ደግሞ ከደንበኞቹ መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ለጦሩ በቀጥታ አልሸጥንም ብለው ግንኙነቱን አቋረጡ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ኤክስሞድን የወረሰው ኩባንያ የሐኪም ቤትንና የአምልኮ ቦታን የመሰሉ መገኛዎችን እንዳይሸጥ አገደው። እርግጥ ይህ ኩኪ አይደለም፤ የቅርብ ዘመዷ ነው።

ይሁንና በእኛ አገር፣ በተለይ በገጠር ከተሞች፣ ከሩቁ ነጋዴ ይልቅ የቅርቡ ያሳስበናል። በብዙ ቤት ስልኩ አንድ ነው። አባት ይደውልበታል፣ ልጅ ያጠናበታል፣ እህት የ12ኛ ክፍል ውጤቷን ታይበታለች፣ የጎረቤት ልጅም ሲቸግረው ይዋሰዋል። ታዲያ ኢሜይሏን ወይም ፌስቡኳን በድረ ገጽ ከፍታ ሳትዘጋ ስልኩን የመለሰች ልጅ ወረቀቷን እዚያው ጥላ ሄዳለች ማለት ነው። ቀጥሎ የያዘው ሰው ይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በእርሷ ስም ይገባል፤ ደብዳቤዋን ያነባል፣ ቢፈልግ ይጽፋል። የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ሐራም መሆኑን የሚያውቅ ወንድም እንኳ የተከፈተ ስልክ ሲያገኝ ዓይኑን መግታት ይከብደዋል። እናቶችና አባቶች ልጆቻችሁን ስልክ ስታውሱ ይህን ብትነግሯቸው መልካም ነው። ጎንደር ወርደው በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ ተማሪዎችማ የበለጠ ይጠንቀቁ።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። ሥራችሁን ስትጨርሱ መስኮቱን መዝጋት አይበቃም፤ «ሎግ አውት» የሚለውን ተጫኑ። በሰው ስልክ ስትገቡ «ኢንኮግኒቶ» የተባለውን ገጽ ክፈቱ፤ ስትዘጉት ኩኪዎቹ አብረው ይጠፋሉ። (ከድረ ገጹ ባለቤትና ከቴሌ ግን አይሰውርም፤ ወጣቶች እንዳትታለሉ!) ክሮም የሚጠቀም ሰው በላይ በኩል ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ይግባ። እዚያ የሌሎች ኩባንያዎችን ኩኪ፣ «ተርድ ፓርቲ» የሚለውን፣ መከልከል ይቻላል፤ የገጹ የራሱ ኩኪ ስለማይነካ አብዛኛው ገጽ እንደወትሮው ይሠራል። ፋየርፎክስና የአፕል ሳፋሪ ከእነዚህ ብዙውን ሳይነገራቸው ይከለክላሉ። ጉግል ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ከክሮም አጠፋቸዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ በ2024 ሐሳቡን ስለቀየረ፣ የክሮም ተጠቃሚ ራሱ መከልከል አለበት።

የተጠራቀመውን ለማጥፋት ስትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማጥፊያው ቦታ ኩኪንና የተቀመጡ ሥዕሎችን ለየብቻ ይጠይቃል። ሥዕሎቹን ካጠፋችሁ ገጹ ሁሉንም እንደገና ያወርዳልና የዳታ ብራችሁን ይበላል። ስለዚህ ኩኪውን ብቻ ምረጡ። ካጠፋችሁ በኋላ ድረ ገጾቹ ይለፍ ቃል እንደገና ይጠይቃሉ፤ ረስታችሁት እንዳይሆን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ስለ ሣጥኗም ጥቂት እንበል። ፈረንሳይ ውስጥ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ። ጥፋታቸው መቀበል በአንድ ንክኪ ሆኖ፣ እምቢ ማለት ግን ብዙ ንክኪ የሚጠይቅ ማድረጋቸው ነበር። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ማለት ሰው አውቆ የሚሰጠው ከሆነ፣ ለአማርኛ አንባቢ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ሣጥን ፈቃድ ጠየቀች ለማለት ያስቸግራል። የአገራችን ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች ሣጥኗን በሚነበብ አማርኛ ቢጽፏት፣ «አልፈልግም» የሚለውንም ከ«እቀበላለሁ» ጎን እኩል ቢያስቀምጡት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለንም።