የስልክ ምክር ለእናቲቱም ይድረስ

የገጠሩን ሕዝብ ጤና ለመጠበቅ ስልክ ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑ አያጠራጥርም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ 8335 የተባለው ነፃ መስመር ስለ በሽታው ለሚጠይቁ መልስ ይሰጥ ነበር። በእኛም ሙያ 8028 የተባለው መስመር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የእርሻ ምክር ሲያሰማ ቆይቷል።

ይሁንና የእርሻ ሥራ ያስተማረን ነገር አለ። የስንዴ ዋግ ቅጠሉ ታይቶና በጣት ተዳስሶ ይለያል እንጂ በወሬ ብቻ አይታወቅም። የሰው ሕመም ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው።

የመድኃኒት አወሳሰድ ለመጠየቅ፣ የክትባት ቀን ለማስታወስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር እንድትመካከር ስልክ ይረዳል። ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡር ወይም ጡት አልጠባ ያለ አራስ ሕፃን ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ሌላው የእኩልነት ጉዳይ ነው። በብዙ ቤት ስልኩ የሚውለው በአባወራው ኪስ ነው። ባትሪውም አንዳንዴ የሚሞላው በገበያ ቀን ነው። ታዲያ ምክሩ ለእናቲቱ በምን ይደርሳል?

ስለሆነም ስልኩና የፀሐይ ኃይል መሙያው በቅድሚያ ለቀበሌው ጤና ኬላ ይሰጥ፤ ስልክ የሌላት እናት እዚያ ሄዳ ትጠይቅ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተለመደው የቤት ለቤት ጉብኝትም በስልክ ምክንያት አይቀነስ። የሚመለከታቸው ክፍሎች ይህን ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።