ቂም ያተርፋልን?

አንድ ጊዜ የከዳንን ሰው ዳግመኛ ማመን ሞኝነት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አባባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፍ ተውሶ ላልመለሰ ጓደኛችሁ ሌላ መጽሐፍ ለማዋስ ብታመነቱ ማንም አይፈርድባችሁም። ያለፈው ነገር የነገውን ተግባር ይመራል። ጥያቄው፣ ያለፈውን እስከ መቼ መያዝ ይገባል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ አንድ ጨዋታ አለ። ሁለት ተጫዋቾች ሳይመካከሩ ወይ ለመተባበር ወይ ለመክዳት ይወስናሉ። ሁለቱም ቢተባበሩ እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ቢካካዱ 1 ነጥብ። አንዱ ሲተባበር ሌላው ቢክድ ግን ከዳተኛው 5 ነጥብ ይወስዳል፤ የተባበረው ባዶ እጁን ይቀራል። ጨዋታው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ መክዳት ያዋጣል፤ ሲደጋገም ግን እያንዳንዱ ያለፈውን እያየ ስለሚወስን ነገሩ ይለወጣል።

በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሮበርት አክስልሮድ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ውድድር፣ ምሁራን የአጨዋወት ስልት እንዲልኩላቸው ጋብዘው ስልቶቹን በኮምፒዩተር እርስ በርስ አጋጠሟቸው። ከቀረቡት 14 ስልቶች ያሸነፈው አናቶል ራፖፖርት የላኩት፣ ከሁሉም አጭሩ ነበር። ስልቱ በመጀመሪያው ዙር ይተባበራል፤ ከዚያ በኋላ ባላጋራው ባለፈው ዙር ያደረገውን መልሶ ያደርጋል። ቢክዱት ወዲያው ይክዳል፤ ቢመለሱለት ወዲያው ይመለሳል። የሚያስታውሰው አንድ ዙር ብቻ ነው! 62 ስልቶች በቀረቡበት በሁለተኛው ውድድርም ያው ስልት ደግሞ አሸነፈ።

በመጀመሪያው ውድድር፣ ቀድመው ከማይክዱት ስልቶች መካከል ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘው የትኛው ይመስላችኋል? አንድ ጊዜ ከተከዳ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ የማይታረቀው ነው። ቂመኛው ባላጋራውን ቀጣሁ ሲል ራሱን አከሰረ።

«ሰው ኮምፒዩተር አይደለም» የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ እንዲያውም አሸናፊው ስልት እንከን ነበረበት። እንዲህ ያሉ ሁለት ተጫዋቾች ተገናኝተው አንዱ በስሕተት ቢክድ፣ እየተፈራረቁ ሲበቃቀሉ ይኖራሉ፤ ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለምና። እኛ ግን ለመጠየቅ አንደበት አለን። በወንፈል የሚረዳዱ ጎረቤታሞችን አስቡ። አንዱ በአጨዳ ቀን ቢቀር፣ ታሞ ነው ወይስ ለቅሶ ደርሶበት ብለው ይጠይቁ። በስንፍና ቀርቶ ከሆነ በእርሱ ተራ ይቅሩበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማጭዱን ይዞ ከመጣ ግን ይቀበሉት። ለዘለዓለም ቢያስወጡት፣ አዝመራ በደረሰ ቁጥር ከማሳቸው አንድ ማጭድ ይጎድላል።