የጋለ ምጣድ
በማገዶ የሚጋግር ሰው ምጣዱ ከመጠን በላይ ሲግልበት እንጨቱን ከምድጃው ይጎትታል፤ ሙቀቱም ቀስ በቀስ ይበርዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን የሚጎተት እንጨት የለውም፤ ስለዚህም በአንዳንድ ቤት ውኃ ሲረጭበት ይታያል። ይህ ልማድ በእኔ አስተያየት ከግለቱ ይልቅ የከፋ ነው። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲያርፍ ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ጥቅል ሽቦ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ስለሆነ ውኃው አደጋውን እስከ ጋጋሪዋ እጅ ሊያደርሰው ይችላል።

እንግዲህ ማገዶውን የመጎተት ያህል የሚቆጠረው ኃይሉን ማቋረጥ ነው። ማጥፊያው ወይም ሶኬቱ ራሱ የሚጨስ ከሆነ እርሱን ሳይነኩ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ማውረድ ይገባል። ነበልባል ቢታይ አክንባሎው እንደተከደነ ይቆይ፤ ከፍቶ ማየት እሳቱን አየር መመገብ ነው። ዘይት የጠጣው ማሰሻም ከአጠገቡ ይራቅ። እሳቱ እየበረታ ከሄደ ግን ዕቃ ለማዳን መዘግየት አይገባም፤ ከቤት ወጥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው።

ጥፋቱን በጋጋሪዋ ላይ ማላከክ የተለመደ ቢሆንም እኔ አልስማማበትም። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን ሸክም ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ የጫነው መስመሩን ያዘረጋው ሰው እንጂ እርሷ አይደለችም። በአንዳንድ ቤት ደግሞ የብሬከሩን ቦታ የሚያውቀው አባወራው ብቻ ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ግን እርሱ ሥራ ላይ ነው።